ድምፅ አለ ምስል የለም፦ ፓነል ሞተ ከመባሉ በፊት ምን ይለካል?

ይህ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ የቲቪ ጥገና ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተጻፉ መልሶች) ማጠቃለያ ነው። የመነሻው ጥያቄ አጭር ነው። ጠያቂው ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ነው፤ ባለ 43 ኢንች ኤልኢዲ ቲቪው ሲከፈት ሎጎውን ለአንድ ሰከንድ ያህል ብልጭ አድርጎ ያሳይና ስክሪኑ ይጠቁራል። ድምፁ አይቋረጥም፣ ሪሞቱም ይሠራል፣ ቻናል ይቀየራል። አንድ ጥገና ቤት ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ ፓነሉ (ምስሉ የሚሠራበት መስታወት) ሞቷል፣ ከምታሠራው አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል ብሎ መልሶታል። እውነት ፓነሉ ነው ወይ? ከሆነስ ፓነል ለብቻው ይገኛል ወይ? ይላል።

ከሥሩ 24 መልስ ተደርድሯል። ሰላምታውንና ምርቃቱን ትቼ የሚጠቅመውን ላስቀምጥ። አንዳንዱ መልስ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ግን ለብቻው የሥራ መመሪያ ነው።

መልስ 1 በትሕትና ይጀምርና መሣሪያ የማይፈልገውን ምርመራ ያዝዛል። ክፍሉ ይጨልም፣ ቲቪው ይከፈት፣ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ ሰያፍ ይብራ። በብርሃኑ ክብ ውስጥ የሰው ጥላ ወይም የሜኑ ጽሑፍ በደብዛዛው ከታየ ፓነሉም፣ ቲ-ኮኑም (የምስሉን ምልክት ለፓነሉ የሚያዘጋጀው ትንሽ ቦርድ)፣ ሜይን ቦርዱም (ዋናው ቦርድ) በሕይወት አሉ ማለት ነው። ኤልሲዲ ፓነል ራሱ ብርሃን አያወጣም፤ ከኋላው ያለው ባክላይት ሲጠፋ ምስሉ እየተሠራ አይታይም። የጥገና ቤቱ ሰው ይህችን ለማየት የሚፈጅበት ጊዜ ክዳን ከመፍታት እንኳ ያነሰ ነበር።

መልስ 2 በዚህ ተስማምቶ የአንድ ሰከንዷን ብልጭታ ይተነትናል። ኤልኢዲዎቹ እንደ ዶቃ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው፤ አንዱ ሲቆረጥ ጅረቱ ለሁሉም ይቆማል። የባክላይት ድራይቨሩ (ኤልኢዲዎቹን የሚመግበው ክፍል) ደግሞ የተመደበለትን ጅረት ለማግኘት ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፣ የጣሪያ ገደቡ ላይ ሲደርስ ራሱን ይዘጋል። በመቆረጥ ጫፍ ላይ ያለ ኤልኢዲ ቀዝቃዛ ሳለ ለቅጽበት ይነካካል፤ ብልጭታዋ ያ ናት። ስለዚህ ብልጭታው ራሱ ድራይቨሩ ትእዛዝ እየደረሰውና እየሠራ መሆኑን ይመሰክራል። ጭራሽ ብልጭ ካላለ ግን ፍለጋው ሌላ ቦታ ነው።

መልስ 3 ሁሉም ክዳን ለመፍታት ከመሮጡ በፊት ያስቆማል። የ220 ቮልት መስመር ወደ ዲሲ ከተቀየረ በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ይቀመጣል፤ ፒኤፍሲ (የኃይል አጠቃቀምን የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው ቦርዶች ላይ ወደ 390 ይጠጋል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ የቦርዱን መስመር ይበላል፣ ዓይንንም ያቃጥላል። የሚያዘው ባለ 2.2 ኪሎ ኦም የ10 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ማስነካት፣ ቀጥሎም በቴስተር ዜሮ መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ሬዚስተር የሌለው ሰው ተራ ባለ ክር አምፖል ቢጠቀምም ይሆናል ይላል።

የክሩ አጥንት መልስ 4 ነው። ቴስተሩ ዲሲ 600 ወይም 1000 ቮልት ላይ ይደረግ፤ ጥቁሩ ጫፍ የቲቪው ብረት ላይ፣ ቀዩ ፓወር ቦርዱ ላይ ወደ ባክላይት በሚሄደው ሶኬት ፖዘቲቭ ላይ። ከዚያ ቲቪው ይከፈትና ቁጥሩ ይታይ። ወደ ላይ ተወንጭፎ ተመልሶ ከወደቀ መስመሩ ተቆርጧል፤ ኤልኢዲው ወይም የሶኬቱ ፒን ነው። ንቅንቅ ሳይል ድራይቨሩ በሚነሳበት ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 24 ላይ፣ ተኝቶ ከቀረ ከሜይን ቦርድ የሚመጣው ቢኤል-ኦን የሚባለው ፒን ይለካ። ቲቪው ሲከፈት ወደ 3 ቮልት ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ካለው ትእዛዙ ደርሷል፣ ችግሩ ድራይቨሩ ነው፦ ሞስፌቱ፣ ዳዮዱ ወይም አይሲው። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ሜይን ቦርዱ ነው ትእዛዝ ያልሰጠው፣ ኤልኢዲ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። በጎን ደግሞ የ5 እና የ12 ቮልት መስመሮችን መለካት አይረሳም፤ 12ቱ በሥራ ላይ ወደ 9 ከወረደ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ይፈለጉ። የሚተካው በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን።

መልስ 5 ይህ ሁሉ መለካት አድካሚ ነው ባይ ነው፤ ስትሪፖቹን (ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩባቸውን ዘንጎች) አውጥቶ እያንዳንዱን ኤልኢዲ በቴስተር የዳዮድ መለኪያ መንካት፣ ያልበራውን መጣል በቂ ነው ይላል። መልስ 6 በጨዋ ቋንቋ ያርመዋል። የብዙ ቴስተር የዳዮድ መለኪያ የሚያወጣው ከ2 እስከ 3 ቮልት ብቻ ነው። ባለ 3 ቮልቱን ኤልኢዲ በጭንቅ ያጭረዋል፤ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ቺፕ የያዘውን ባለ 6 ቮልት ግን ፈጽሞ አያበራውም፣ ደህናው ሁሉ ሞተ ይባላል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል ቢነካ ሁለቱንም ዓይነት ያለ ጉዳት ያበራል። ሥራዬ ብሎ ለያዘው ደግሞ እስከ 300 ቮልት ራሱን የሚያስተካክለው የኤልኢዲ ቴስተር ስትሪፑን ሳይፈታ በሶኬቱ ላይ ይነግረዋል።

ቀጥሎ ነገሩ መሞቅ ይጀምራል። መልስ 7 የሞተውን ኤልኢዲ ነቅሎ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ማገናኘት ነው፣ ቲቪው ይበራል፣ ሌላው ወሬ ነው ብሎ ይደመድማል። መልስ 8 እንዲህ እየተሠራ ነው ደንበኛ በወሩ ቲቪ ተሸክሞ የሚመለሰው ብሎ ይነሳበታል። ቁጣውን ትተን ነጥቡን ስናየው ትክክል ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ሁሉም ኤልኢዲ በአንድ ተከታታይ መስመር ላይ ከሆነ ድራይቨሩ ጅረቱን ስለሚጠብቅ የቀሩት አይጎዱም፤ የሚታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መስመሮች ጎን ለጎን ከአንድ መውጫ ሲመገቡ ግን አንዱ መስመር ኤልኢዲ ሲጎድለው የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል፣ አብዛኛውን ጅረት እሱ ይጎትታል፣ ተቃጥሎ ያርፋል። አንዳንድ ድራይቨር ደግሞ የመስመሮቹን አለመመጣጠን አይቶ ይዘጋል፤ ሽቦው ጭራሽ አያዋጣም።

በዚህ መሐል መልስ 9 ሳይጨቃጨቅ አከፋፈቱን ይጽፋል። ቲቪው በፊቱ ለስላሳ ልብስ ላይ ተደፍቶ የኋላው ክዳን ይነሳ፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በየቦታቸው ተለይተው ይቀመጡ፣ ረጅሙ አጭሩ ቦታ ከገባ ፓነሉን ከኋላ ይወጋዋል። የቲ-ኮን ሪባኖች ይነቀሉ። ከዚያ ተገልብጦ በጀርባው ይተኛና የፊት ፍሬሙ ይውጣ። ከፓነሉ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠሉት ቀጫጭን ቡናማ ላስቲክ መሳይ ሪባኖች ኮፍ ይባላሉ፤ አንዷ ከታጠፈች ወይም ከተሰነጠቀች ጨዋታው አለቀ። ፓነሉን ለሁለት ሰው፣ በአራት ማዕዘን፣ ሳይጠማዘዝ አንስቶ ከፓነሉ የሚሰፋ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ነው፤ በቀጭን ጠርዙ አቁሞ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ አይሆንም። ቀጥሎ የሚመጡት ነጭ ሉሆች፣ ወፍራሙ ከሥር፣ ቀጫጭኖቹ ከላይ፣ ቅደም ተከተላቸውና አቅጣጫቸው ሳይዛባ አንድ ላይ ይነሱ። በጣት የተነካ ቦታ ቲቪው ሲበራ እድፍ ሆኖ ይታያል። የድሬን አቧራ የሚያውቅ ደግሞ መስኮት ዘግቶ፣ ቬንቲሌተር አጥፍቶ ነው የሚሠራው፤ ሉሆቹ መካከል የገባች አንዲት ቅንጣት ከተዘጋ በኋላ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ስትሪፖቹ ከተቀየሩ በኋላ ፓነሉ ሳይመለስ በኤልኢዲ ቴስተር ግማሽ ሰዓት ያህል አብርቶ ማየት ግድ ነው። የሚያየው ሰው ግን በቀጥታ አይፍጠጥባቸው።

መልስ 10 አንዲት ነገር ይጨምራል፣ ውድ ነገር ናት። ስክሪን ላይ ክብ ነጭ ደማቅ ነጥቦች የሚታዩበት ቲቪ ኤልኢዲው አልሞተም፤ ብርሃን የሚበትነው ፕላስቲክ ሌንስ ከላዩ ተላቆ ወድቋል። የወደቀው ሌንስ ተፈልጎ፣ ሦስት እግሮቹ ከድሮው ማጣበቂያ አሻራ ጋር ገጥመው ይለጠፍ። በሱፐር ግሉ ግን አይሆንም፤ ትነቱ ሌንሱን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። ሁለት ቱቦ ያለው ኤፖክሲ፣ በስፒል ጫፍ፣ እግሮቹ ላይ ብቻ።

መልስ 11 አንድ ኤልኢዲ ብቻ መቀየር ለሚፈልጉ ነው። አሮጌዎቹ ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ ሌላው ነገ ይከተላል፣ አዲሱም ከነሱ ደምቆ ይታያል፤ ሙሉ ስትሪፕ ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን ትልቁ ፓድ ፖዘቲቭ ነው ብሎ መገመት አይገባም፣ በአንዱ ሠሪ ፖዘቲቭ የሆነው በሌላው ኔጌቲቭ ነው፤ በባትሪ አይቶ ነው። ስትሪፑ አሉሚኒየም ስለሆነ የካውያውን ሙቀት ይውጠዋል፤ ከሥር በሚሞቅ ጠፍጣፋ ምድጃ ላይ ሶልደሩ እስኪቀልጥ ድረስ ማሞቅ ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ኤልኢዲው መጀመሪያ ለምን ሞተ ወደሚለው ያመራል። መልስ 12 ጥፋቱን ለድሬ ሙቀት ይሰጣል፤ ከሰዓት ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሆን ክፍል ውስጥ በሙሉ ብርሃን የሚሠራ ባክላይት ዕድሜው ያጥራል፣ ምስሉ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ማድላት ሲጀምርም የኤልኢዲዎቹ ቢጫ ፎስፈር (ሰማያዊውን ብርሃን ነጭ የሚያደርገው ሽፋን) እየተቃጠለ ነው ይላል። እስከዚህ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ጅረቱን ለመቀነስ በድራይቨሩ የጅረት መለኪያ ሬዚስተሮች ላይ ሌላ ሬዚስተር ጎን ለጎን ጨምሩ ብሎ ያበላሸዋል።

መልስ 13 ምንም አልማረውም፤ እንዲህ ያለ ምክር የሰው ቲቪ ያቃጥላል ብሎ ሂሳቡን ፊቱ ላይ ይዘረግፈዋል። ጎን ለጎን ሬዚስተር ሲጨመር ጠቅላላው ኦም ይቀንሳል፣ ጅረቱ ይጨምራል። ሦስት ባለ 3 ኦም ጎን ለጎን ካሉ ድምራቸው 1 ኦም ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲነሳ 1.5 ኦም ይሆናል፣ ጅረቱም በሲሶ ይቀንሳል፤ 400 ሚሊአምፒር የነበረው ወደ 267 ይወርዳል። ስለዚህ መንቀል እንጂ መጨመር አይደለም። ዓይን የሲሶን ልዩነት እምብዛም አያስተውለውም፣ ኤልኢዲው ግን ያመሰግናል።

መልስ 14 ሊያበርዳቸው ይሞክራል። ካውያ ሳይነሳ በሜኑው ውስጥ ባክላይት የሚለውን ከ100 ወደ 50 ወይም 60 ማውረድ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ብራይትነስ ከሚለው ጋር ግን አይምታታ፤ እሱ በብዙ ቲቪ ላይ የምስሉን ጥቁረት ነው የሚቀይረው፣ ኤልኢዲውን አይነካም። ይህን የጻፈው ከሐረር ነው፤ በመጨረሻም ሁላችሁም ቲቪያችሁን ይዛችሁ ወደ እኛ ብትወጡ ሬዚስተር መንቀሉም ይቀርላችሁ ነበር የሚል ቀልድ ጣል አድርጓል። ድሬዎቹ አልሳቁም፤ ወይም ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት።

መልስ 15 የክሩን ጉዳይ ትቶ የራሱን ያመጣል፤ እሱም ከሐረር ነው። የባለ 32 ኢንች ቲቪው ግራ ግማሽ ደህና ነው፣ ቀኙ ነጣ ብሎ እንደ ፎቶ ኔጌቲቭ ይገለባበጣል። አዲስ ክር ክፈት የሚለው ባይኖርም መልስ 16 መጣለትና ክሩ ሁለተኛ አጥንት አገኘ። ይህ የቲ-ኮን ወይም የፓነል ጉዳይ ነው፤ የሚለየውም በመለካት ነው። መጀመሪያ ከሜይን ቦርዱ ምስሉን ወደ ቲ-ኮኑ የሚያመጣው የኤልቪዲኤስ ሪባን ተነቅሎ ፒኖቹ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጽዱና ይመለስ። ቀጥሎ ቲ-ኮኑ ላይ ያለችው ትንሿ ፊውዝ፤ በሁለቱም ጫፍ 12 ቮልት መኖር አለበት፣ በአንዱ ብቻ ካለ ተቃጥላለች። ከዚያ በሙከራ ነጥቦቹ አጠገብ የተጻፉት ስሞች ይነበቡ፦ ኤቪዲዲ ከ14 እስከ 17 ገደማ፣ ቪጂኤች ከ20 እስከ 35፣ ቪጂኤል ኔጌቲቭ ከ5 እስከ 12፣ ቪኮም የኤቪዲዲ ግማሽ አካባቢ። ብዙ ቦርድ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ራሱ ታትሟል። ከነዚህ አንዱ ወርዶ ከተገኘ ቲቪው ጠፍቶ ወደ ፓነሉ የሚሄዱት ሁለት ሪባኖች ይነቀሉና እንደገና ይለካ። ቮልቴጁ ከተመለሰ ቲ-ኮኑ ደህና ነው፣ ፓነሉ ነው የሚጎትተው፤ ሪባኖቹን አንድ በአንድ በመመለስ የትኛው ወገን ሾርት እንዳለው ይታወቃል። ካልተመለሰ ቲ-ኮኑ ይቀየር፣ ያም ከፓነል ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መልስ 17 ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ለሚታይባቸው ሁሉ የፀጉር ማድረቂያና ጫን ጫን ማድረግ መፍትሔ ነው ይላል፣ ከሥሩም ሪባኑ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት መወተፍ ጨምሮበታል። መልስ 18 የክሩ ክፉ መልስ ነው፤ ስድቡን አልደግመውም። ይዘቱ ግን ይህ ነው፦ ኮፉ ከመስታወቱ ጋር የተያያዘው በሶልደር ሳይሆን ጅረት አሳላፊ ቅንጣቶች ባሉት ማጣበቂያ ነው። ሲላቀቅ በመጫን ለጥቂት ቀን ሊነካ ይችላል፤ በትክክል የሚመለሰው ሙቀትንና ግፊትን ለክቶ በሚጫን የቦንዲንግ ማሽን ብቻ ነው። መስመሩ ሜኑ ሲከፈትም እዚያው ቦታ ከቆመ ጉዳዩ የምስል ምንጭ አይደለም። እዚህ ላይ ፓነሉ ሞቷል የሚለው ቃል በቦታው ነው፤ ለሌላው ሁሉ የሚነዛው ግን ስንፍና ነው ይላል። አንድ ለየት ያለ ዘዴ ግን ይተዋል፦ ምስሉ በአግድም ሲንቀጠቀጥ ወይም ተደራርቦ ሲታይና ፓነሉ ከግራም ከቀኝም የሚነዳ ዓይነት ሲሆን፣ በተበላሸው ወገን ሪባን ላይ ሲኬቪ የሚባሉትን የሰዓት መስመሮች በቀጭን ቴፕ ሸፍኖ ሌላው ወገን ብቻውን እንዲነዳ ማድረግ ይቻላል። ከአንድ ወገን ብቻ ለሚነዳ ፓነል አይሠራም።

መልስ 19 ላይ ዋናው ጠያቂ ተመለሰ። በእጅ ባትሪ ምስሉ ታይቷል፤ የባክላይቱ ቮልቴጅ ወደ 150 ተወንጭፎ ወርዷል፤ ስትሪፕ የት ይገኛል ይላል። መልስ 20 ታይዋን ገበያ እንዲዞር ይነግረዋል፣ ግን የቲቪውን ሞዴል ይዞ እንዳይሄድ። አንድ ሞዴል ቲቪ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ፓነል ተገጥሞለት ይወጣል። ስትሪፑ ላይ የታተመው ኮድ፣ የኤልኢዲው ብዛት፣ ርዝመቱ በሚሊሜትር፣ ባለ 3 ወይም ባለ 6 ቮልት መሆኑ ተጽፎ ይያዝ። ስክሪኑ የተሰበረ ቲቪ በርካሽ ከተገኘ ደግሞ ስትሪፑም ቦርዱም ከሱ ይወጣል። ፓነል ለብቻው የሚለውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፦ የቲቪው ዋጋ አብዛኛው እሱ ስለሆነ መቀየሩ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

መልስ 21 ጥፋቱ የመብራት መቆራረጥ ነው፣ ስታብላይዘር ግዙ ይላል። መልስ 22 ግማሹን ይቀበላል። የዛሬ ቲቪ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሠራ መብራቱ መድከሙ አይገድለውም። የሚገድለው ኒውትራል ሲበጠስ ነው፤ ከሌላ ፌዝ ጋር ተያይዞ ቤት ውስጥ ወደ 380 የሚጠጋ ሊገባ ይችላል። ያኔ መግቢያው ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ ቫሪስተር (ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ የሚከላከለው) ይፈነዳና ፊውዙን ይዞ ይሄዳል፤ ሥራው ነው። ሁለቱም ይተኩ፤ ቫሪስተሩ 471 የሚል ከሆነ 470 ቮልት ማለት ነው። ፊውዙን በሽቦ መቀጠል ክልክል። መጀመሪያ ሲከፈትም ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ይታሰር፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና፣ ደምቆ ከቆየ ውስጥ ሾርት አለ።

መልስ 23 ምስሉ ለምን በአራት ማዕዘን እየተቆራረሰ ይቆማል ብሎ ጠየቀ፤ ከተነሳው ነገር ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ነው። ለዚህ በዩኤስቢ ቪዲዮ መክፈት ይበቃል፤ ያ ደህና ከታየ ቲቪው ንጹሕ ነው፣ ኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ያለው ምልክት ተቀባይ)፣ የኬብሉ ጫፍ ወይም የዲሹ አቅጣጫ ይፈተሽ። ኢትዮሳት የሚያሠራጭበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከድሬ ሲታይ በጣም ከፍ ብሎ ነው፣ የናይልሳቱ 7 ዲግሪ ምዕራብ ደግሞ ዝቅ ብሎ፤ የአንዱን ዲሽ ለሌላው በግምት ማዞር አይሆንም።

መልስ 24 ሜይን ቦርዱ ሞቶ ሁለገብ ቦርድ ለሚገጥሙ ነው፣ ሌሎቹ ያላነሱት አደጋ ስለሆነ ቦታው ይገባዋል። እነዚህ ቦርዶች ላይ ለፓነሉ የሚሄደው ቮልቴጅ በትንሽ ጃምፐር ይመረጣል፦ 3.3፣ 5 ወይም 12። ባለ 5 ቮልት ፓነል 12 ከገባበት ደህናው ፓነል በገዛ እጅ ይሞታል። ከፓነሉ ጀርባ ያለው ቁጥር ተነቦ የሚፈልገው ቮልት ይረጋገጥ፣ ጃምፐሩ ይቀመጥ፣ ሪባኑ ሳይሰካ ቦርዱ ተከፍቶ በቴስተር ይለካ፣ ከዚያ ተዘግቶ ይሰካ። ምስሉ መጥቶ የፊት ቀለም እንደ ሰም የተዛባ ከሆነ ቦርዱ አልተበላሸም፤ የኤልቪዲኤሱ አደራደር ከቬሳ ወደ ጄይዳ ወይም በተቃራኒው ይቀየር። ተገልብጦ ከታየም በሰርቪስ ሜኑ ሚረር የሚለው ነው የሚያስተካክለው፣ ቲቪውን ዘቅዝቆ መስቀል አያስፈልግም።